ከመግሪብ በፊት የሚገባው ባጃጅ

ስለ ፈዲላ ኸሚስ ሰው «ምስኪን» ብሎ ማውራት ከጀመረ እዚያው ላይ አቋርጠዋለሁ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምስኪን ያልሆነ አንድ ሰው ጥሪ ብትሉኝ የምጠራው የሷን ስም ነው። ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፣ ለቀብርም ለችግርም የምንረዳዳበት ቅሬያችን አንድ። ሥራዋ የዓሣ አጥማጆችን መረብ መጠገን ነው። የተቀደደውን በጣቷ እየዳሰሰች ታገኘዋለች፤ ፊቷ ግን ወሬ ወዳለበት ነው የሚዞረው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አታይም። አባቷም እንዲሁ ነበሩ፤ ወንድሟም እስኪሞት ድረስ። እኛ አገር ይህ ዳፍንት ይባላል፤ መድኃኒቱም ጉበት ነው ይባላል። ስለዚህ ያ ቤት በትውልዱ ሁሉ ጉበት ሲበላ ኖረ። ጎረቤት በግ ካረደ ጉበቱ ወደ እነሱ ነበር የሚሄደው። አልሻል ሲላቸው ደግሞ «በደንብ አልበላችሁም» ተብለው የሚወቀሱት እነሱው ነበሩ። ፈዲላ «የአምባሰልን በግ ጨርሼ አሁንም ከበር ጋር ነው የምጋጨው» እያለች ትስቅ ነበር።

በ2010 ሰው ሁሉ ስለ ለውጥ ሲያወራ የሷ ዓይን ከዳር ዳር እየጠበበ መጣ። ፊት ለፊት የቆመን ሰው ታያለች፤ ከጎኗ የቆመውን ግን እስኪነካት ድረስ አታውቀውም። ደሴ ሄደች፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ላኳት። አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሟ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ ጨምራ በመብራት ለረጅም ጊዜ ካየቻት በኋላ ሳትሸፋፍን ነገረችን። ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ ቀስ በቀስ እየሞተ ነው። በዘር የሚተላለፍ ነው። ጉበት የሚረዳው በምግብ እጥረት የመጣውን ዳፍንት እንጂ ይህንን አይደለም። ለጊዜው የሚያድነው መድኃኒት የለም።

ፈዲላ «የሰው እርግማን አይደለም ማለት ነው?» አለች።

«አይደለም» አለች ሐኪሟ።

«የኔም ጥፋት አይደለም?»

«አይደለም።»

እዚያው ወንበር ላይ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ሐኪሟ በዱላ መሄድ እንድትለማመድ፣ ዘመዶቿም እንዲመረመሩ መከረቻት። በሽታው የተገኘበት ሰው መኪና መንዳት እንደሌለበትም ጨመረች። ይህን ስትሰማ ፈዲላ ቀና አለች።

«ባድሩ!» አለች።

ባድሩ የወንድሟ ልጅ ነው፤ የትንሿ ራዚያ አባት፣ ባጃጅ ነጂ። ከተማው የሚያውቀው አላህን በመፍራቱ ነው። ገበያ ቢደምቅ፣ ተሳፋሪ ቢለምነው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይሠራም፤ የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ሳይደርስ ባጃጁን አቁሞ መስጊድ ይገባል። ከሶላት በኋላም የአንዱን ክንድ ይዞ እያወራ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ ያደርጉት ነበር። እኔ ራሴ ልጆቼን «እንደ ባድሩ ሁኑ» ብያለሁ፤ ያውም ክርስቲያን ሆኜ! ጨለማውን እንደሚሸሽ የገባት ፈዲላ ብቻ ናት። እሷም በልጅነቷ ምሽት ላይ ስትላክ ሆዴን አመመኝ ብላ ትተኛ ነበር።

ከአዲስ አበባ በተመለስን ማግስት ጠርታ ነገረችው።

«እኔ ሶላቴን ነው የምሰግደው አክስቴ» አላት። «ያንቺን በሽታ እኔ ላይ አትለጥፊ።»

ሦስት ዓመት ለመነችው፤ ሦስት ዓመት እየካደ ነዳ። ቀን ላይ አንድ ሁለቴ ከጎኑ የመጣ ሰው ሊገጭ ለጥቂት ነው የተረፈው። ፈዲላ እንቅልፍ አጣች።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ በውጫሌ በኩል ወደ እኛ ሲገፋ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ መሸሽ ጀመረ። ሊመሽ ነው፤ መኪና የለም። እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ሳለሁ ባድሩን ባጃጁ ውስጥ አየሁት።

«ባድሩ፣ በማርያም!» አልኩት።

እንዴት እምቢ ይበል? በዚያ ሰዓት እምቢ ያለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚወራበት ያውቃል። «ግቡ» አለ። ወደምትጠልቀው ፀሐይ ደጋግሞ ሲያይ አይቻለሁ፤ ተኩሱን የፈራ መስሎኝ ነበር። ሞተሩን ሲያስነሳ ፈዲላ ዱላዋን ይዛ ባጃጁ ፊት ተገተረች።

«ውረድ!»

«አክስቴ፣ ዞር በይ!»

«ወላሂ አልዞርም! ከፈለግህ ጨፍልቀኝ።» ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ ጮኸች። «ስሙኝ! ይህ ልጅ ሲመሽ አያይም! አባቱም አያይም ነበር፤ እኔም አላይም! የቤታችን በሽታ ነው! የሚያይ ነጂ ካለ ይምጣና ይንዳው!»

ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ጠላኋት። ልጆቼን ልታስቀርብኝ መሰለኝ። ባድሩ አንገቱን ደፋ። ነዳጅ ያለቀበት አንድ ሌላ ነጂ መጥቶ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ ባድሩ ወረደለት። መንገዱ በሰው፣ በከብትና በቆሙ መኪናዎች ተሞልቶ ነበር፤ ነጂው ስንት ጊዜ ለጥቂት እንዳመለጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ደሴ በሰላም ገባን። ፈዲላ በዱላዋ መንገዱን እየዳሰሰች በእግሯ መጣች። ባድሩ ግን እጇን አልይዝም ብሎ ቀድሟት ሲሄድ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

ወደ ሐይቅ ተመልሰን በጥር ቅሬው ሲሰበሰብ የባድሩ እናት ክስ ይዛ ቀረበች። የባድሩን እህት ሱረያን ያጩት ሰዎች «የዕውር ዘር» ብለው ቀርተዋል። ፈዲላ በድንጋጤ የተናገርኩት ነው ብላ በሰው ሁሉ ፊት ቃሏን ትመልስ ነው ጥያቄው። የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስ ማስታረቅ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ፈዲላ፣ አንድ ቃል ናት» አሏት። «በያትና ቤቱ ይዳን።»

ፈዲላ ተነሳች።

«ያች አንድ ቃል ውሸት ናት፣ ሸህ እንድሪስ። አባቴ ገደል ገብቶ ሲሞት ሰክሮ ነው ተባለ። አባቴ በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ አያውቅም! ዳፍንታም ከምንባል የሰካራም ልጅ ብንባል ይሻላል ብለን ዝም አልን። ያንን አሁንም እንድደግመው ነው የምትሉኝ? ሱረያን ያልፈለገ ይቅር። ሐሙስ ለምርመራ እወስዳታለሁ፤ የሚያገባትም አውቆ ያግባት። እኔ ያጣሁት ዓይኔን ነው፤ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም። ቃሌን አልመልስም!»

የባድሩ እናት ማልቀስ ጀመረች። ሸህ እንድሪስ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላ ባድሩ በምርኩዙ ተነሳ። ከባጃጁ ካወረደችው ቀን ጀምሮ ለአክስቱ ሰላም እንኳ ብሎ አያውቅም ነበር።

«እማ፣ ተያት» አለ። «እውነቷን ነው። ያን ቀን እነ ተሻለችን ልጨርሳቸው ነበር።» ወደ እኔ አመለከተ። «አክስቴ፣ ሐሙስ እኔም እመጣለሁ፤ ልጄን ራዚያንም ይዤ። ትናንት ሲመሽ ግቢ ውስጥ ከፊቴ ቆማ ‹አባ፣ የት ነህ?› አለችኝ። እኔም እሷን እየፈለግኳት ነበር።»