ሴቶቹ ከአቡጀዲው ጀርባ ያዩት ሲኒማ

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ሰው ነበርሁ። ይህን በድፍረት የምናገረው እናቴ «ጣሊያን በወጣ ዓመት ወለድሁህ» ትል ስለነበረ ነው፤ የቀረውን እኔው ደምሬዋለሁ። ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ። ሲኒማን ግን አውቃለሁ። ራዲዮንም አውቃለሁ። የዛሬ ልጆች አንገታቸውን ሰብረው መዳፍ በምታህል ስልክ የሚያዩትን እኔ ሲኒማ አልለውም። ሲኒማ ማለት ሰው እንደ ዋርካ ገዝፎ ሲታይና አገር ሙሉ አንድ ላይ ሲጮኽ ነው።

በዚያ ዓመት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ወረታ የሲኒማ መኪና መጣ። ባለ ሲኒማው ከከተማ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። በገበያው ሜዳ ሁለት ዛፎች መካከል ነጭ አቡጀዲ ወጠረ። መኪናውን ፊት ለፊት አቆመና ሲመሽ አሳያችኋለሁ አለ። ከጉማራ ወንዝ ወዲህ ያለ ሰው ሁሉ መጣ። እኔም ሚስቴንና እናቴን ይዤ መጣሁ። ሚስቴን ካገባኋት ዓመት ሊሞላን ነበር፤ የቁሐር ሚካኤል አጥቢያ ልጅ ናት፣ አባቷ ከብቱ ብዙ ነው።

ሰው መቀመጥ ሲጀምር የአጥቢያችን ጭቃ ሹም ዱላቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«በጨለማ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ? እኔ ቆሜ እያለሁማ አይሆንም! ቤተ ክርስቲያን እንኳ በጠራራ ፀሐይ ለይተን ነው የምንቆም!»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጌታዬ?» አለ ባለ ሲኒማው።

«ይኸ ጨርቅ ከወዲያ በኩል አይታይም?»

«ስስ ስለሆነ ከወዲያም ከወዲህም ይታያል።»

«በቃ! ወንዱ በወዲህ፣ ሴቱ በወዲያ!»

እንዲህ ሆነ። እኛ ወንዶቹ ከመኪናው ጋር፣ ሴቶቹ ከአቡጀዲው ጀርባ ተቀመጥን። ሁሉም ተደሰተ። በተለይ ጭቃ ሹሙ።

ከዚያ ሲኒማው በራ። ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ በፈረስ መጣ። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ባለ ሲኒማው በድምፅ ማጉያ «ይህ ሰው ከብቱን ሌቦች ነድተውበታል» ብሎ ነገረን። ለእኛ ለከብት አርቢው ለፎገራ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይነገረዋል! ወዲያው ሁላችንም የሱ ወገን ሆንን። ባለ ባርኔጣው ዱካ ሲፈልግ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «በወንዙ ነድተዋቸዋል፣ በወንዙ ሂድ አንተ!» ብለው ጮኹ። እውነትም በወንዙ ሄደ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ «እኔ ባልነግረው ኑሮ» ይሉ ነበር።

ሰውየው ሽጉጡን መዞ ሌቦቹን በተናቸው። ከብቱን መልሶ ነዳ። ቤቱ ደርሶ ለአሮጊት እናቱ ዳቦ ቆርሶ ሰጣትና አለቀ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከብቶቹ እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ ከብት አጠገብ የሚቆሙ አልነበሩም። ግን ለከብቱ የተዋጋ ሰው ነው፤ ወደድሁት።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ ገና ሽጉጡ ላይ ነበርሁ።

«እንዴት ያለ ጀግና ነው!» አልሁ።

«ጀግናስ ይሁን» አለች ሚስቴ። «ለእናቱ ዳቦ በግራ እጁ የሚሰጥ ምን ዓይነት ልጅ ነው? ባለጌ!»

«በቀኙ ነው የሰጣት።»

«በግራው ነው።»

«አንች፣ በሁለት ዓይኔ አይቻለሁ!»

«እኔስ በስንት ዓይን ያየሁ መሰለህ?»

«እናቴ፣ በየት እጁ ነው የሰጣት?» ብዬ ዞርሁ።

«በግራው ነው ልጄ» አለች እናቴ። «እኔማ እንዲህ ያለ ልጅ ስላልሰጠኝ አምላኬን አመሰገንሁ።»

ሁለት ሴት ተባብሮብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እናቴን ዕድሜዋ ነው ብዬ ተውኋት። ሚስቴን «ውሸታም» አልኋት። ይህቺን ቃል ይዛ አደረች። ሲነጋ ጓዟን ቋጥራ በራፉ ላይ ቆመች።

«ውሸታም ያልኸኝ አፍህ ‹ግራ ነው› እስኪል ድረስ ይህን ደጅ አልረግጥም» ብላ አባቷ ዘንድ ሄደች።

እኔ ብቻ ብሆን ምን ነበረበት። ወረታ ሙሉ ለሁለት ተከፍሏል። ወንድ ሁሉ ቀኝ ነው ይላል፣ ሴት ሁሉ ግራ ነው ትላለች። ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ ሴት «ቀኝ ነው የምትል ከሆነ ሌላ ዘንድ ግዛ» ስትል ሰምቻለሁ። ጭቃ ሹሙ ራሳቸው ያን ሰሞን ጎረቤት ነው የበሉት። ሌላው ሰው ግን ሲውል ሲያድር «እሺ፣ ግራ ይሁንልሽ» እያለ ከቤቱ ታረቀ። ጓደኞቼም መከሩኝ።

«ግራ ነው በልና አምጣት እንጂ!»

«ግራውን አላየሁትማ!»

«ለአንድ ፈረንጅ እጅ ትዳርህን ታፈርሳለህ?»

«እሷስ ለምን ታፈርሳለች?»

አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ መልእክት ላኩብኝ። ዐቢይ ጾም ሳይያዝ ካልታረቃችሁ ልጄን አፋትቼ እወስዳለሁ፣ የሚጠይቃትም አላጣሁም፣ አሉ። ይኸ የሚጠይቃት የተባለው እንቅልፌን ነሣኝ። ሦስት ሽማግሌዎች ለምኜ ቁሐር ሚካኤል ወሰድሁ። አማቴ በዚያ የሲኒማ ማታ ከብት ሲጠብቁ ስለነበር ሲኒማውን አላዩም፤ እኔም እሳቸው ያለ አድልዎ ይሰማሉ ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ገና «ልጆች ናቸው፣ ጥፋቱ» ብለው ሲጀምሩ የሚስቴ እናት ከጓዳ ድምፃቸውን አሰሙ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተስ የት ተቀምጣችሁ ነው ያያችሁት?»

«ከፊት ነዋ። ከወንዱ ጋር።»

«ታዲያ እናንተ የሱ ምስክሮች ናችሁ እንጂ ዳኞች ናችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ «እኔ እንኳ እጁን አላየሁም፤ ላሞቹን ነበር የማይ» አሉ።

«ላሞቹስ?» አሉ አማቴ፣ ይኸን ጊዜ ገና ነቃ ብለው።

«ወተት የላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ወተት ብቻ ተወርቶ ዕርቁ ተበተነ። ስንወጣ ሚስቴ ከበረቱ አጠገብ ቆማ፣ እኔን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን እያየች «ወንድ ከሆነ እኔ ከተቀመጥሁበት ተቀምጦ ይይ!» አለች። ሴቶች መካከል ሂዶ መቀመጥ! ሽማግሌዎቼን ይዤ ወደ ወረታ ተመለስሁ።

በዚያ ሰሞን መሽቶ ቤት መግባት ስላስጠላኝ ጠጅ ቤት ራዲዮ ስሰማ አመሽ ጀመር። ወረታ ላይ ያኔ የምናውቀው ራዲዮ ያ ብቻ ነበር። ባለ ጠጅ ቤቷ ጥልፍ ልብስ አልብሳ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥታ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ዜና ነጋሪው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል አንድ ቄስ ሁልጊዜ ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉ ነበር። ከዚያ ማሲንቆ ይመጣል፣ ተረት ይመጣል፣ ሰዎች በቤታቸው እንዳሉ ሁነው ሲጨቃጨቁ የሚሰማበት ጨዋታም ይመጣል። እኔ ራዲዮን የበለጠ ያፈቀርሁ ያን ጊዜ ነው። ራዲዮ ፊትና ጀርባ የለውም። ሴቱም ወንዱም የሚሰማው ያንኑ ነው። ይኸን ለባለ ጠጅ ቤቷ ብነግራት ብርሌዬን እየሞላች ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ራዲዮማ እጅ የለው። ያንተ ሰውዬ ግን ግራኝ ነው።»

ጾሙ ሊያዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያ የሲኒማ መኪና ወደ አንበሳሜ ወርዶ ኑሮ ሲመለስ ወረታ ሊያድር ነው ተባለ። ያንኑ ሲኒማ ያሳያል። አማቴ «ሲኒማ ነው የልጄን ቤት ያፈረሰ» ብለው ከቤታቸው ማንም እንዳይሄድ ከልክለዋል። እኔ ሳስበው ዋልሁ። ማታ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከአቡጀዲው ጀርባ ከሴቶቹ መካከል ገብቼ ተቀመጥሁ። ያሰብሁት ግራ አለመሆኑን ባይኔ አይቼ አማቶቼ ፊት ለመማል ነበር።

አጠገቤ ያለች ሴት ዘወር ብላ «እትዬ፣ ጥርስሽን ነው የሚያምሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ነጭ ሽንኩርት ያዥበት» አለችኝ፣ አንጀቷ እየራራ።

መጀመሪያ አቡጀዲው ላይ ጽሑፍ በራ። ባለፈው ጊዜ ከፊት ሁኜ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ፊደል እየቆጠርሁ አንብቤው ነበር። አሁን አንድ ፊደል እንኳ አልለይ አልሁ። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኛል። የተማርሁዋት ጥቂቷም በንዴት ብዛት ጠፍታብኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ወዲያው ባለ ባርኔጣው መጣ። ሽጉጡን መዘዘ።

በግራው!

«ግራ ነው!» ብዬ ብድግ አልሁ። ጋቢው ወደቀ። ጢሜና ድምፄ ወጣ።

«ወንድ! ወንድ ገባብን!» ብለው ሴቶቹ ሲጮኹ፣ ያቺ ነጭ ሽንኩርት ያዘዘችልኝ ሴት በዘንጓ ጀርባዬን አለችኝ። ሩጬ አቡጀዲውን ዞሬ ወንዶቹ ዘንድ ደረስሁ። ሰውየው ሲተኩስ አየሁ። በቀኙ! ተመልሼ ወደ ሴቶቹ ሮጥሁ። በግራው! ዘንጓ እንደገና አገኘችኝ። እንደገና ዞርሁ። ወንዶቹ ሲኒማውን ትተው እኔን ያዩ ጀመር። ጭቃ ሹሙ «ያዙት፣ አብዷል!» አሉ።

የያዘኝ ባለ ሲኒማው ነበር።

«ምን ሁነህ ነው ወንድሜ?»

«ይኸ ሰው ስንት ነው?» አልሁት፣ እያለከለክሁ። «ወዲህ ቀኝ፣ ወዲያ ግራ!»

ሰውየው ሳቀ። ቆይቶ፣ እንዳልሳቅሁ ሲያይ፣ አቡጀዲው ጫፍ ላይ አቆመኝ። «ያን ዛፍ ታያለህ? ከዚህ ስትቆም በየት በኩልህ ነው?» አለኝ። በቀኜ ነው አልሁት። ጨርቁን ዞረን ከማዶ ፊቴን ወደ ጨርቁ አድርጎ አቆመኝ። «አሁንስ?» ዛፉ በግራዬ ሆነ። «እንግዲህ ዛፉ ዞረ ወይስ አንተ ዞርህ?» አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቤ፤ ወይ ጉድ፣ ሚስቴ አልዋሸችም፣ እኔም አልዋሸሁም። አለመዋሸቴ የበለጠ ደስ አለኝ።

ሲነጋጋ ቁሐር ሚካኤል ደረስሁ። ሜዳ አገር ስለሆነ ፀሐይ ገና ከመሬት ብቅ ስትል ጥላ አገሩን ያቋርጣል። አማቴ ላሞቹን ሊያወጡ በረቱ ላይ ነበሩ።

«ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

«አንድ ነጠላ ያውሱኝ» አልሁ።

ሰው ሁሉ ወጣ። ሚስቴም ወጣች፣ ፊቷን እንዳዞረች። ነጠላውን በረቱ በር ሁለት ቋሚዎች መካከል ወጠርሁት። አማቴን በፀሐይ በኩል ከኋላዬ አቆምኋቸው። ሚስቴንና እናቷን «እባካችሁ በወዲያ በኩል ሁኑ» ብዬ ከጨርቁ ማዶ ላክሁ። እኔ ፀሐይዋን ጀርባ ሰጥቼ ቆምሁና ዱላዬን ወደ ጎን ዘረጋሁ። ጥላዬ ነጠላው ላይ ወደቀ።

«ዱላው ከሰውየው በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነው» አሉ አማቴ።

«በግራ ነው» አለች ሚስቴ ከማዶ።

«በቀኝ ነው አልሁሽ፣ አንች ልጅ!» ብለው አማቴ ዱላቸውን ጨብጠው ጨርቁን ዞሩ። ከዚያ «ኧረ የአምላክ ያለህ፣ ወደ ግራ ሄደ!» ሲሉ ሰማሁ። ተመልሰው መጡ። እንደገና ሄዱ። ላሞቹ በረት ውስጥ ይጮኻሉ፣ የሚያወጣቸው የለም።

«ፈረሱስ የታለ?» አሉ የሚስቴ እናት። «ፈረስ ነበረው እኮ።»

ምን ላድርግ፣ ዱላውን በእግሮቼ መካከል አድርጌ ጋለብሁላቸው። ሌቦቹን በተንሁላቸው። የዳቦው ላይ ስደርስ ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። ጨርቁን ገልጣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ታዲያ ማን ነው ውሸታሙ?»

«ማንም አይደለም።»

«ግራ ነው በላ።»

«ከወዲያ ለሚያየው ግራ ነው።»

«ከወዲያ የምትለዋን አውጣት።»

«አላወጣትም።»

ነጠላውን ከቋሚው ፈትታ፣ አጥፋ፣ ቤት ገባች። አበቃልኝ ብዬ ቆምሁ። አማቴም አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ ቆይታ የቋጠረችውን ጓዝ ይዛ ወጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«እስቲ ይኸንን በየት ትከሻህ እንደምትሸከመው አያለሁ» አለችኝ።

በቀኜ ተሸከምሁትና ወደ ወረታ መንገድ ገባን።