ከማን ጋር ነሽ?

ያዋረደኝ የእህቴ ባል ነው፤ ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ በሚባል የባሕር ዳር ሰፈር፣ አንድ ባር በር ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ስሙን አልጽፍም። የማልጽፈው ለእህቴ ብዬ እንጂ ለእሱ አዝኜ አይደለም።

ባር ምን ልትሠሪ ሄድሽ የሚል ሰው ስለማይጠፋ ከዚያ ልጀምር። ቢራ ልጠጣ ነው የሄድኩት። ብዙ ባሮች ገብቼ አውቃለሁ፤ ሁሉም ግን ከምኖርበት ከተማ ውጭ ናቸው። የጭነት ማስተላለፊያ ቢሮ ተቀጥሬ ሳለሁ ሥራው በየጊዜው ድሬዳዋ ይወስደኝ ነበር። ቀኑን ከቢሮ ቢሮ ስዞር እውልና አመሻሹ ላይ ዛፍ ሥር ወንበር የዘረጋ ባር ገብቼ እቀመጣለሁ። አስተናጋጇ ቀዝቃዛ ቢራ ታመጣልኛለች፤ እግሬን ከጫማዬ አወጣለሁ። አለቃ የለ፣ ዘመድ የለ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ጃምቦ ጠጥቻለሁ። ናይሮቢ ውስጥ ጠረጴዛቸውን በጠርሙስ የሞሉ ሴቶች ብቻዬን ስላዩኝ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው፣ ቋንቋቸውን ሳልሰማ አብሬያቸው ስስቅ አምሽቻለሁ። ማርሴይ ወደቡ አጠገብ ደግሞ፣ ባለ ባሩ በወታደርነቱ ጊዜ ጅቡቲ ኖሮ ስለነበር ስለ ከተማዋ ሙቀት ሊያስተምረኝ ተነሣ። እዚያው ተወልጄ እዚያው እንዳረጀሁ ብነግረውም አላቆመም። በደንብ ተጨቃጨቅን። ስወጣ «ነገም ነይ» አለኝ። በነዚህ ሁሉ ቦታዎች የማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

ጅቡቲ ሌላ ነው። አባቴ በባቡር ሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔ ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም እንደማንኛውም የሰፈር ልጅ እናገራለሁ። ቢሆንም በዚህ ከተማ ባር ብቻዋን የገባች ሐበሻ ሴት ሥራ ላይ ናት ተብላ ነው የምትታየው፤ ጸጉሯ ቢሸብትም። ይህን ስለማውቅ ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ በባሮቹ ደጅ አልፍ ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን፣ ከእንግዲህ ማንን ነው የምፈራው አልኩ።

በረኛው ትከሻው በሩን የሞላ ሰው ነበር።

«ማዳም፣ ከማን ጋር ነሽ?»

«ከራሴ ጋር።»

«ሴት ብቻዋን አትገባም። ሕግ ነው። ውስጥ የሚያውቅሽ ሰው አለ?»

አንቺ ማለቱ አልከፋኝም፤ አማርኛውን የለመደው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። ወደ ውስጥ አየሁ። በባሕሩ በኩል የእህቴ ባል ከሁለት የአዲስ አበባ ሰዎች ጋር ተቀምጧል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ የምበላው እሱ ቤት ነበር። አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ እዚህ አልጽፍም። ከእህቴ ገበታ ሌላ የቤተሰብ ገበታ ግን የለኝም።

«አለ» ብዬ አሳየሁት።

በረኛው ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጠየቀው። የእህቴ ባል ዞሮ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«አላውቃትም» አለ።

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። «እሷ ግን የምታውቅህ ትመስላለች!»

«እነዚህ ያላዩትንም ሰው እናውቃለን ነው የሚሉት።»

እነዚህ። ሙታንታውን ከእህቴ ገመድ ላይ ዝናብ ሳይመታው ያነሳሁለት ሰው ነው እነዚህ ያለኝ።

«ግድ የለም» አልኩት ከበሩ ላይ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ። «ለሚስትህ ሰላም በልልኝ። የእናቴ ልጅ ናት፤ አንተ ባታውቀኝ እሷ ታውቀኛለች።»

ሳቁ ተቋረጠ። በረኛው «ፓርዶን፣ ማዳም» አለኝ። በእግሬ ቤቴ ገባሁ። መንገድ ላይ ምን እንደሆንኩ የራሴ ጉዳይ ነው።

በማግስቱ እህቴ መጣች። ታናሼ ናት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ፀሐዩ ከኋላሽ ሆኖበት ነው። መልክሽ አልታየኝም ይላል።»

«ድምፄስ? እሱም ከኋላዬ ነበር?»

«እንግዳ ይዟል። ትልቅ የጭነት ሥራ ሊሰጡት ነው። ምን ይበል? ባር ለባር የምትዞረው የሚስቴ እህት ናት ይበል?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይበል።»

«አንቺ ደግሞ! ቢራ ካማረሽ እኔው ገዝቼ አቀዘቅዝልሽ የለም እንዴ?»

«የጠማኝ መሰለሽ?»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ። የተላከችበትን የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እሑድ የነፍስ አባታቸው ምሳ ይመጣሉ። በእሳቸው ፊት አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ ባር አልረግጥም ካልኩ ነገሩ ይረሳል። ካላልኩ ግን ባሏ ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም።

«እንድትቀሪብኝ አልፈልግም» አለችኝ በሩ ላይ።

«እኔም መቅረት አልፈልግም» አልኳት። እውነቴን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እሑድን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሁለት ቃል ተናግሬ ወንበሬ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ቃላቱን ብቻዬን ሆኜ ሞከርኳቸው፤ ከአፌ አልወጣ አሉ።

እሑድ ካርቲየ 2፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከየመናውያን ምግብ ቤት የመጣ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቧል፤ ቄሱ ባርከው ተቀምጠዋል። የእህቴ ባል እጁን ታጥቦ ገና ሳይቆርስ «እትዬ የምትለን ነገር አለ» አለ። ያን ቀን እትዬ ሆንኩ።

«አለኝ» አልኩ። «ባር በር ላይ ታውቃታለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ አላውቃትም አለ። እኔ ከማያውቀኝ ሰው ቤት አልበላም። ባር መግባቴንም አልተውም።»

«ልጄ፣ ገበታ ላይ እንዲህ…» አሉ ቄሱ።

«ሰው ፊት!» አለ እሱ። «ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«አንተስ የካድከኝ ጓዳ ውስጥ ነው?»

እህቴ ሳህኗን ታያለች። አንድ ቃል ብትናገር ምናልባት እቀመጥ ነበር። አልተናገረችም። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ወጥቼ በሚኒባስ ከተማው ዳር ወዳለው ሰፈር፣ ፔካ 12 ሄድኩ። ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ባለ፣ የሐበሻ ሴት በከፈተችው ባር ገብቼ ከሾፌሮቹ መሃል ተቀመጥኩ። የፍየል ጥብስና አንድ ቢራ አዘዝኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ ምሳዬን የምበላው እዚያ ነው። እህቴ ልታየኝ ስትፈልግ ቤቴ ትመጣለች። ባሏን ቤቴ አላስገባሁትም።