እናቴ ያመላለሰችው ድንጋይ

ይህን ሳልሞት ጽፌ ላስቀምጠው፤ እናቴ አድና በጀርባዋ ድንጋይ ተሸክማ ከሠራችው ቤት በሽማግሌ ፍርድ ወጥታለች።

ሰሞኑን ከወረዳ የመጡ ልጆች ማንኩሳ አጠገብ ያለውን መንደራችንን፣ ያረጁትን የድንጋይ ቤቶች ሁሉ፣ በቅርስነት እየመዘገቡ በየደጁ ሰሌዳ ይተክላሉ። እኛ በነበርንበት ቤት ደጅ «የአቶ ጥሩነህ ቤት» ብለው ተከሉ። ጥሩነህ ለዚያ ቤት አንዲት ጠጠር አላነሣም።

የሠሩት እናቴና እንጀራ አባቴ አያሌው ናቸው። እናቴ ከቡሬ ማዶ፣ ከአዊ አገር፣ እኔን አዝላ የመጣች ሴት ነበረች። እኔ ጠንከር ስል ቤቱ ተጀመረ። በበጋው እሷ ከወንዝ ድንጋይ ታመጣለች፣ እሱ ይክባል፣ እኔ ጭቃ እረግጣለሁ። ምሳችን የዳጉሳ እንጀራ በተልባ ነው። ጭቃው ከእጃችን በደንብ ሳይለቅ ስለምንበላ፣ ዛሬም ተልባ ስቀምስ አፈር አፈር ይለኛል። አማርኛዋ ይሰበርባት ስለነበር የመንደሩ ሴቶች፣

«አድና፣ ድንጋዩን በአገውኛ ነው የምታናግሪው?» ይሏታል።

«አዎ፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ ይሰማኛል» ትላቸዋለች።

ቤቱ ባለቀ በዓመቱ አያሌው ሞተ። ከእናቴ አልወለደም። ወንድሙ ጥሩነህ «ርስቴ ነው» ብሎ መጣና ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስት ያቆሙት የእንጨት ቤት ሲሆን ፈርሶ እንጨቱም ሣሩም ለሁለት ይከፈላል። የእኛን ግን፣

«ጣሪያው የእሷ ይሁን። ድንጋይ መሬት ነው፤ መሬቱ ደግሞ የጥሩነህ ነው» አሉ።

«ድንጋዩ ከወንዝ ነው የመጣው። ወንዙም የጥሩነህ ነው?» አለች እናቴ።

ፍርዱ በዚሁ ጸና። እኔም ልጅ ሆኜ አልገባኝ፣ አርጅቼም አልገባኝ።

ግንቦት ላይ፣ ደመናው ሲከብድ፣ ጣሪያዋን አፈረሰች። ሣሩን ትተን እንጨቱን በአህያ ጫንንና የቡሬን መንገድ ያዝን። ዞር ብዬ ሳይ ቤቱ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እናቴ አልዞረችም። ያ እንጨት ጎጆ ሳይሆን ቀረ፤ የወንድሟን ጓሮ አጠሩበት። በሰው ቤት ኖራ በሰው ቤት ሞተች።

እኔን ትዳር ወደዚሁ መንደር መለሰኝ። ጥሩነህ ቤቱን ዳግም ከድኖ ይኖርበት ነበር። ባየሁት ቁጥር «ወንዙም የአንተ ነው?» ብዬ ብጠይቀውም መንገድ እየቀየረብኝ ኖሮ ሞተ። ሰሌዳው የተተከለ ዕለት፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች በሕይወት ወደ ቀሩት ወደ አባ ገላው ሄድሁ። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ፣ ለእነዚህ ልጆች እውነቱን ይንገሩልኝ» አልኋቸው።

«እነግራቸዋለሁ። የአድና ቤት ነው።»

«ያኔስ አያውቁም ነበር?»

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እናውቅ ነበር፣ ልጄ። ጥሩነህ ጎረቤታችን ነው፣ ነገም ዓይን ለዓይን እንተያያለን። እናትሽ ግን አገሯ ሩቅ ነው፤ ትሄዳለች አልን።»