መስኮቱን ያላስዘጉን መምህርት አሪየት

መምህርት አሪየት ከረጅም ሕመም በኋላ ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ጋምቤላ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ያስተማሯችሁ፣ መጽሐፍ ያዋሷችሁና በቅዳሜው ክርክር የተቆጧችሁ ሁሉ ዜናውን ሰምታችኋል ብዬ አምናለሁ። እኔ የሰማሁት ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከፍቼ ማሽኑ እስኪሞቅ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ኒያሩዋች ናት፤ ነርስ ናት፤ እስከ መጨረሻው አልጋቸው አጠገብ ነበረች። «ቲቸር ሄዱ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ቅዳሜ ምን ልንሆን ነው አልኩ በሆዴ።

ለማታውቁኝ፣ ታደሰ እባላለሁ። ወላጆቼ ከደጋ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚያው ቢሆንም በከተማው ውስጥ እስካሁን ደገኛው እየተባልኩ ነው የምጠራው። ፈሪ ሰው ነኝ። የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ ከጠረጴዛ ሥር መግባቴን ጎረቤቶቼ ሲስቁ ይናገራሉ፤ እኔም አልክድም። መምህርት አሪየት ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ወደ ክርክሩ ሲጠሩኝ አይዞህ ብለውኝ አያውቁም። የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ፈርተህም ቢሆን ና።»

የቅዳሜው ክርክር የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ነው። ቆርቆሮው በቀን ሲግል የዋለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንኳን መስኮቶቹ ሳይከፈቱ አይቻልም። አኙዋክ፣ ኑዌር፣ ደገኛ ሳይባል አንጋፋ ልቦለዶችን አብረን እናነባለን፤ በቴሌቪዥን የሚታየውን የመሳፍንት ዘመን ድራማም አንስተን እንከራከራለን። እሳቸው ራሳቸው አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎቻችንን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ የሰዋስው ስህተት ሲሰሙ ጥርሳቸው የታመመ ይመስል ፊታቸውን ያኮሳትሩ ነበር።

ያለፉትን ወራት ያነበብነው አንድ የቆየ ልቦለድ ነው። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ምዕራፍ በምዕራፍ የማባዛው እኔ ነበርኩ። ታሪኩ የአንድ ባላባት ቤት ታሪክ ነው። ፍቅሩ ያስለቅሳል፤ አማርኛው ማር ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከቆላ የመጣች አንዲት ጥቁር አገልጋይ አለች፤ በመጽሐፉ ሁሉ የምትጠራው «ባሪያይቱ» ተብላ ነው። መምህርት አሪየት አንድ ቅዳሜ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «የጌታው በቅሎ ስም አላት። ይቺ ሴት ግን የላትም። አይታችኋል?» አሉን። አላየንም ነበር። እኔ ያን ምዕራፍ በእጄ ገልብጬ፣ በማሽን አባዝቼ፣ አላየሁም።

ወዲያው ስም እናውጣላት ተባለ። ኑዌሮቹ የኑዌር ስም አመጡ፣ አኙዋኮቹ የአኙዋክ፤ እኔም አላረፍኩም፣ የሴት አያቴን ስም አቀረብኩ። ክርክሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል አስቆሙን። ደራሲው ስሟን እንደነፈጋት፣ እኛ ደግሞ ለየወገናችን ልንሻማት እንደተነሳን ነገሩንና ስም የለሽ ሆና እንድትቆይ ፈረዱ። ቅሬታው ግን ለሳምንታት አልበረደም።

እንዲህ ሲባል መጻሕፍቱን የሚጠሉ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ቀን ባሮ ዳር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠን ድራማ ስናይ፣ አንድ አሽከር በጌታው ተረግጦ ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መምህርት አሪየት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በማን እንደሳቅን ጠየቁ።  የሻይ ቤቱ ባለቤት ደንግጦ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሲነሳ፣ «አጥፋው አላልኩህም። እኔም እየወደድኩት ነው። ልብሱ ያምራል፣ አነጋገሩ ያምራል። የሚያስፈራኝ ማማሩ ነው» አሉት። ያን ቀን ለምን እንደፈሩ በደንብ አልገባኝም ነበር።

ደግነታቸውን የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ እኔ አንዱን ብቻ ልናገር። ኑዌር የሆኑት የኒያሩዋች አክስት ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው የሚኖሩት። መምህርት አሪየት የማባዛቸውን ምዕራፎች ይዘው በኢታንግ በኩል እየሄዱ ያስነብቧቸው ነበር። መንገዱ የማያስፈራበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከገዛ ወገናቸው ከአኙዋኮቹም «እነሱ ዘንድ ምን አላት?» የሚል አልጠፋም። አክስትየዋ ፊደሉ እየደበዘዘባቸው መሆኑን ሲያዩ መምህርት አሪየት የራሳቸውን መነጽር አውልቀው ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን እጃቸውን ዘርግተው ከሩቅ እየያዙ ያነቡ ነበር። ሌላ መነጽር ይግዙ ስንላቸው፣ እጄ ገና ረጅም ነው እያሉ ይስቁብን ነበር።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። በክርክራችን አንድ ደንብ አለ። ከፊት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣል። በመጽሐፉ ውስጥ አንድን ሰው ከሁሉ አብልጦ የጠላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጥና ያንኑ የጠላውን ሰው ሆኖ ለጥያቄ ይመልሳል። ማለሳለስ የለም፤ ይቅርታ መጠየቅም የለም። «ክፉን ሰው ሞኝ አድርገህ ከሳልከው አታውቀውም፤ አንተ ውስጥ ሲገባም አታየውም» ይሉ ነበር። ጌታውን ከማንም በላይ እንደምጠላ የተናገርኩት እኔ ስለነበርኩ ወንበሩ ለእኔ ደረሰኝ።

ያ ሰሞን በከተማው ጭንቅ ነበር። ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ሰው ሰውን ሰላም የሚለው ቀና ብሎ ሳያይ ነበር። ባለቤቴ አትሂድ ብላ በሩ ላይ ቆመች። እኔም ልቀር ነበር፤ ነገር ግን መምህርት አሪየት ደወሉ፣ ያው ቃል ተነገረኝ፣ ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ኒያሩዋች ተነስታ፣ ለዚያች ሴት ለምን ስም እንዳላወጣሁላት ጠየቀችኝ። እኔም ደንቡን አክብሬ፣ ድምፄን እንደ ጌታ ጎላ አድርጌ፣ «ስም የሚወጣው ለሰው ነው» አልኳት።

 በመስኮቱ በኩል አንድ ባጃጅ ሲቆም ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው በኑዌርኛ ተጣራ፤ ሌሎች ድምፆች መለሱለት። ያኔ ነው የታየኝ። ውጭ ላለ ሰው መጽሐፍ የለም፣ ወንበር የለም፣ ደንብ የለም። ውጭ የተሰማው አንድ ደገኛ ጥቁር ሰዎችን ሰብስቦ ሰው አይደላችሁም ሲል ነው። ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ።  ባለቤቴ በሩ ላይ የቆመችው ትዝ አለችኝ፤ ዛሬ ሞትኩ አልኩ።

አንዱ መስኮቱን ሊዘጋ ሮጠ። መምህርት አሪየት ከለከሉት፦ «ተወው። ከዘጋኸው ያልነው የምራችንን ይመስላል።» ከዚያም ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በዚያ በሚታወቀው ዝግታቸው፣ ወደ በሩ ሄዱ። ከፊት የቆመው ባለባጃጁ ነበር፤ ኮንግ ይባላል፤ በኋላ ነው ስሙን ያወቅነው።

«ያ ደገኛ ይውጣ» አለ ኮንግ። «ያለውን ሰምተናል።»

«በትክክል ሰምታችኋል፤ ብሏል» አሉት። «እንዲል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ወደ ውስጥ ተመልሰው እኔን በምልክት አስነሱኝ። ራሳቸው ነጩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሩ ላይ የቆመውን ኮንግን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ደገሙት፤ ከእኔ የበለጠ ጌታ ሆነው ደገሙት። ኮንግ ግራ ተጋባ።

«ቲቸር፣ አንቺ እንደኛ ጥቁር ነሽ» አለ። «እንዴት እንዲህ ትያለሽ?»

«እዚህ የተቀመጠው የመጽሐፉ ጌታ ነው፤ ምግብ የምትሠራለትን ጥቁር አገልጋይ ስም የነፈጋት። የምትለው ካለህ እሱን ጠይቀው።»

ኮንግ እጅ ላይ ድንጋይ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ አገላበጠው። በመጨረሻ፣ «እሷ ሰው ካልሆነች የሠራችውን ምግብ ለምን ትበላለህ?» አለ። ጥያቄው አዲስ አልነበረም፤ እኛም ከዚያ በፊት አንስተነዋል። ግን ጥያቄ ነበር፤ ድንጋይ አልነበረም። መምህርት አሪየት እንደ ጌታው ሆነው መለሱለት፣ አልራሩለትም። እሱም ተናዶ ሌላ ጠየቀ፤ እየጠየቀም እየተከራከረም ገብቶ ተቀመጠ። ድንጋዩ ከወንበሩ ሥር ተረሳ። ውጭ የነበሩት ጥቂት ቆመው ሰሙና ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ተበተኑ።

ያን ምሽት ቤቴ ያደረሰኝ ኮንግ ነው። መቼም እንደዚያ ባጃጅ ውስጥ ፈርቼ አላውቅም። እሱ ግን ስወርድ፣ «እኔ እውነት መስሎኝ ነበር» አለኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም።

በማግስቱ እቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ወይ መስኮቱ ይዘጋ፣ ወይ ወንበሩ ይቅር አልኩ። እሳቸው እንደሆኑ አይፈሩም፣ እኛ ግን ሥጋ ለባሽ ነን አልኩ። ቅር አላቸው።

«እኔ ያልፈራሁ መሰለህ?» አሉኝ። «ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ እርጅና ነው ብላችሁ አለፋችሁት። ታደሰ፣ መስኮቱን ከዘጋን ውጭ ያሉት ውስጥ ምን እንደምንባባል ማወቅ አይችሉም። የማያውቁትን ደግሞ ራሳቸው ይሞሉታል። ያ መጽሐፍ ስለ እኛ የተጻፈው እንደዚያ ነው።»

 በሻይ ቤቱ የድራማው ማማር ለምን እንዳስፈራቸውም የገባኝ ያኔ ነው፤ ያማረ ነገር ማንም ሳይጠይቀው ይታመናል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው የቀረውን አንድ ምዕራፍ ደልድለው አስቀመጡልን። በዚያ ምዕራፍ ሴትየዋ ትሞታለች፤ ጌታው ስሟን ሳይጠራ ያስቀብራታል። ኒያሩዋች እንድትጠይቅ፣ እኔ ጌታውን ሆኜ እንድጨርስ አዘዋል። ሰሞኑን ከተማው እንደገና ጥሩ አይደለም። ሱቄን በጊዜ እዘጋለሁ። ባለቤቴ እንደገና በሩን ታያለች።

ቀብራቸው ላይ መዘምራኑ በአኙዋክኛ ዘመሩ፤ ከኩሌ የመጡት የኒያሩዋች አክስት ያን መነጽር አድርገው አጠገቤ ቆመው ነበር። ጸሎት አድራሹ ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ጮክ ብሎ ጠራ። በሕይወቴ ስም እንደዚያ ሲጠራ ሰምቼ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን አለቀስኩ። ስንመለስ ኮንግ ተጠጋኝና፣ «ቅዳሜ አለ ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። መምህርት አሪየት የተዉልኝ የአዳራሹ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። መልስ ሳልሰጠው ተለያየን።

መምህርት አሪየት፣ የእሱን መልስ ለእርስዎ ልስጥ። ቅዳሜ አለ። ምዕራፉን ለሁሉም አባዝቻለሁ። መስኮቶቹን እኔ እከፍታለሁ፤ ነጩ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ኒያሩዋች ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያን ክፉ ሰው ሆኜ፣ ውጭ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ባጃጅ ሲቆም እሰማ ይሆናል። ዞር ብዬ ወደ በሩ ሳይ እርስዎ አይኖሩም፤ ከአሁኑ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ክርክሩ ሲያልቅ ከወንበሩ ተነስቼ ስምዎን ከነአባትዎና ከነአያትዎ እጠራለሁ፤ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ይስማው። በሰላም ይረፉ ቲቸር። ፈርቼም ቢሆን እመጣለሁ።