እትዬ ፀዳለና ለታመመ ሰው የጋገሩት ኬክ

እትዬ ፀዳለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በኖሩበት አፓርትመንት ውስጥ ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በዚህ ጽሑፍ አረዳለሁ። ስልክ ስደውልላቸው አላነሱም፤ የሕንፃው ተቆጣጣሪ በሩን ሲከፍት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ሽርጣቸውን አላወለቁም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ቀብራቸው ላይ ሰባት ሰው ነበርን፤ ከሰባቱ ሦስቱ ጎረቤቶቻቸው የሆኑ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችን ብቻውን አርባ ሁለት አባል አለው። እንግዲህ ቀሪውን እናንተው አስቡት።

እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ነገር ማሳጠርም አልችልበትም። ቢንዛዛባችሁ ታገሱኝ። አብዛኞቻችሁ እትዬን የምታውቋቸው በጾም ኬካቸው ነው። ክርስትና ሲሆን፣ ጽዋ ሲሆን፣ ሐዘን ቤት ሲኬድ የእሳቸው ኬክ የማይገባበት ቤት አልነበረም። ኋላ ግን ሌላ ስም ወጣላቸው። «ያቺ ሐሺሽ የምታበላው ሴትዮ» ተባሉ። ይህን ስም ያወጣችሁትም፣ የተቀባበላችሁትም፣ ሰምታችሁ ዝም ያላችሁትም ይህን አንብቡልኝ። ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ከሁሉም የባስኩት።

እትዬ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ እንደመጡ መጀመሪያ ያገኙት ሥራ ኢቶቢኮ ሰፈር ባለ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነበር። አጠገባቸው ጆይስ የምትባል የጃማይካ ሴት ትሠራ ነበር። ጆይስ ምሳ ሰዓት ላይ የአይስክሬም ዕቃ ይዛ ወጥታ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ለምትጠብቃት ነርስ ሰጥታ ትመለሳለች። እትዬ አንድ ቀን «ምንድን ነው የምትሰጫት?» ቢሏት «ኬክ ነው፤ መብላት ላቃታቸው ሰዎች» አለቻቸው። ያን ጊዜ ያ ክፉ በሽታ፣ ኤድስ፣ መድኃኒት አልተገኘለትም። መሐል ከተማ ውስጥ ጎረምሶቹ ሥጋቸው አልቆ፣ ቤተሰብ ሸሽቷቸው ይተኛሉ። ምግብ ሲሸታቸው ያስመልሳቸዋል። ጆይስ የሐሺሹን ቅጠል በቅቤ አብስላ፣ ቅቤውን ብራውኒ የሚባለው የቸኮሌት ኬክ ውስጥ ጨምራ ትጋግርላቸዋለች። ቁራሽ የቀመሰው ልጅ ከሰዓታት በኋላ ሾርባ ይጠይቃል።

እትዬ ይህን ሲነግሩኝ እንዲህ ብለውኛል፦ «ካምፕ ውስጥ ምግብ አጥቶ የሚሞት ሰው አይቻለሁ። ምግብ ፊቱ ተቀምጦ በረሃብ የሚሞት ሰው ያየሁት ግን እዚህ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ጋገሩ። ያን ጊዜ የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና አልተጨረሰም። ቢያዙ ወዴት እንደሚመለሱ ያውቁታል። «እፈራ ነበር፤ እየፈራሁም እጋግር ነበር» አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት አልጨመሩም።

ጆይስ ጡረታ ወጥታ አገሯ ስትገባ እትዬ ብቻቸውን ቀጠሉ። ስለ ቅጠሉ ባወቁ ቁጥር የልማዱ ዕድሜ ይገርማቸው ነበር። ፎቃቸው ላይ የሚኖሩ የሞሮኮ እናት «በእኛ አገር ሠርግ ሲሆን ሴቶቹ ቅጠሉን ከቴምር፣ ከማርና ከለውዝ ጋር ወቅጠው፣ እንክብል አድርገው በልተው ይስቁ ነበር» ብለዋቸዋል። አንድ የሕንድ ሽማግሌ ደግሞ ሊፍት ውስጥ፣ በእነሱ የጸደይ በዓል በወተት እንደሚጠጣ ነግሯቸዋል። እትዬ ይህን ሁሉ ሰብስበው «የእኛ ሰው ይህን ነገር ሥራ የፈታ ጎረምሳ የፈጠረው ይመስለዋል። ስንት አያቶች ወቅጠውታል መሰለህ!» ይሉኛል።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ቅቤው አይፈላም፤ ይሞቃል እንጂ። እሳቱን ትተው ስልክ አያነሱም። በነጠላ ጨርቅ ያጠሩታል። ሲቆርጡት ጥፍር ያህል ነው። ለሚበላው ሰው ሁልጊዜ የሚናገሩት ቃል ነበራቸው፦ «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አልመጣም ብሎ የሚደግም ሰው ነው የሚወድቀው።» ለእንግዳ የሚሆነው ኬክ ምንጊዜም በዘይት ነው፤ የታመመ ሰው ኬክ ምንጊዜም በቅቤ። ሁለቱም ቀረፋና ሄል አለባቸው፤ በመልክም አይለዩም። «ቅቤውን አፍንጫ ይለየዋል» ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ብርቄ የሆድ ካንሰር ታማ የኬሞ ሕክምና በጀመረች ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ያን ጊዜ ቅጠሉ እንደ ዛሬው በሱቅ አይሸጥም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ብርቄ፣ ይቺን ቅመሻት።»

«ምንድን ነች?»

«ቅጠል አለባት።»

«ሐሺሽ? ኧረ በመድኃኔ ዓለም! እትዬ፣ ብዘፍንስ?»

«ከዘፈንሽ አጨበጭብልሻለሁ። ዋናው መብላቱ ነው።»

አልዘፈነችም። አመሻሹ ላይ ግን «ንጉሤ፣ ምስር የለም?» አለችኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ምስሩን አሙቄ ወሰድኩላት።

እንዲህ ሆነን ሁለት ወር ቆየን። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ብርቄ ቅቤ አልነካም አለች። የንስሐ አባታችን «ለታመመ ተፈቅዷል፤ እኔ ነኝ የምልሽ» ቢሏት «እርስዎ ቢፈቅዱ እኔ አልፈቀድኩም» አለቻቸው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «እንግዲያው በዘይት እጋግርላታለሁ። እኔ የእሷን ጾም አላስፈታም» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫ የሚለየው ነገር ቀረ። እትዬ ይህን አውቀው ሣጥኑን በእጄ ሲሰጡኝ ሁልጊዜ «ይኸ የብርቄ ነው» ብለው አስረግጠው ይነግሩኝ ነበር።

የመጋቢት መድኃኔ ዓለም ዕለት ጽዋው ነበር። እትዬ ሁለት ሣጥን ሰጡኝ፤ አንዱ የብርቄ፣ አንዱ የማኅበሩ። የትኛው የማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ቤት ስገባ ብርቄ ታስመልሳለች። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ፣ አስተኝቻት ስመለስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ። ከፍቼ አሸተትኩ። ሁለቱም ቀረፋና ሄል። ልደውልላቸው ስልኩን አነሳሁ። ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ሁለት ጊዜ ነግረውኛል፤ ደግሞ በሦስተኛ ላድክማቸው? ሰዓቱም ደርሷል። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩ። አንዱን ሣጥን አንስቼ ወጣሁ። እንደማላውቅ እያወቅሁ ነው የወጣሁት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎት ተደረሰ፤ ኬኩ ተቆረሰ። ለማኅበርተኛ ስለተባለ ማንም ጥፍር ያህል አልቆረጠም። የማኅበራችን መነኩሲት እማሆይ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም ነበር፤ ሁለት ቁራሽ በሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሳቅ ጀመሩ። እማሆይ ሲስቁ አይተን ስለማናውቅ እኛም አብረናቸው ሳቅን። ከዚያ «ልጆች፣ ጣሪያው ወረደብኝ፤ ያዙልኝ!» ብለው ጮኹ። ወለሉ ላይ ተዘርግተው አለቀሱ። «ልቤ ሊቆም ነው» አሉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ግድግዳ ተደገፉ። አምቡላንስ ተጠራ። እኔ የሣጥኑን ክዳን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ከሐኪሞቹ ቀድሜ አወቅሁ።

እማሆይ በማግሥቱ ድነው ወጡ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሞቹ ግን የሆነውን ተናገሩ። በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ ተነሥቶ ጠየቃቸው።

«እትዬ ፀዳለ፣ ኬኩን የጋገሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማን ብለው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጋግሩት?»

«ለታመመ ሰው።»

«የቱ የታመመ ሰው?»

እትዬ አንድ ጊዜ አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። «ስሙን የማልናገርለት። ሣጥን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እማሆይን እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አሉ።

ከኋላ አንዲት ሴት «መርዝ አብልታ ደግሞ ምሥጢር አላት!» ብላ ጮኸች። ሌላው «ፖሊስ ይጠራ» አለ። እኔ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ መቅደሱ አቅጣጫ እጅ ነሥተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ይሰማኛል። ዛሬም ይሰማኛል።

ለምን ዝም እንዳልኩ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያት እንጂ ማመካኛ አይሁንልኝ። የስብሰባው ዕለት ጠዋት ብርቄ እጄን ይዛ «እኔ እንደምበላው ከታወቀ ‹ሐሺሽ ስትበላ ሞተች› ይሉኛል። ስሞት ማን ይፈታኛል? ማልልኝ» አለችኝ። ማልኩላት። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ሞተች። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ምንም ሳትበላ ነው የሄደችው፤ እትዬ እኛ ቤት ሲገቡ ሰው እንዳያያቸው ብለው ቀርተው ነበርና። ቀብሯ ላይ ሁላችሁም ነበራችሁ። እትዬ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። አየኋቸው። ይግቡ አላልኩም።

ብርቄ ከተቀበረች በኋላስ ማን ያዘኝ? ማንም። መጀመሪያ አርባዋ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ሙት ዓመቷ ይለፍ አልኩ። ከዚያ ረፈደ አልኩ። እትዬ ቤት ግን እየተደበቅሁ እሄድ ነበር። «ልናገር» ስላቸው «ማንን ልትጠቅም? እኔ ለምጄዋለሁ። እሷ ትረፍ» ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ እፎይ እል ነበር። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ እፎይ እንዲለኝ ነበር የምጠይቃቸው።

ከዚያ ሕጉ ተለወጠ። ቅጠሉም፣ ኬኩም፣ ከረሜላውም በየመንገዱ ሱቅ ወጣለት። የማኅበራችን ሰው ልጅ እንኳ ስካርቦሮ እንዲህ ያለ ሱቅ ከፍቶ፣ ምርቃት ላይ አጨብጭባችኋል። አልፈርድም። ግን እትዬን ተመለሱ ያለ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት እሳቸው ራሳቸው መብላት አቃታቸው። ለእሳቸው የሚጋግር ሰው የለም። እኔ ሱቁ ሄጄ የታሸገ ብራውኒ ገዛሁ። ሻጯ ልጅ ሽበቴን እያየች መታወቂያ ጠየቀችኝ። ቤት ወስጄ ክዳኑን ልክፈት ብል እምቢ አለኝ። ሕፃን እንዳይከፍተው ተብሎ የተሠራ ነው። እትዬም ሞከሩ። ጣቶቻቸው ደክመዋል። በመጨረሻ በመቀስ ቆረጥነው። እትዬ ቀምሰው «ጥሩ ነው። ግን ይህን የጋገረ ሰው ማን እንደሚበላው አላሰበም። የታመመ ሰው እንዴት አድርጎ ይከፍተዋል?» አሉ። ሁለት ቀን ትንሽ በሉ። ከዚያ ያም ቀረ። እኔ መጋገር አላውቅም። አጠገባቸው ቁጭ ማለት ብቻ ነው የማውቀው።

እነሆ ለሁላችሁም፦ ያን ዕለት ሣጥኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኬኩ የብርቄ ነበር። እትዬ ፀዳለ ምንም አልተሳሳቱም። ለሚስቴ የማልኩትን መሐላ አፍርሼ ነው ይህን የጻፍኩት። ማኅበሩ እኔን ያስወጣ፤ እወጣለሁ። ለእትዬ አርባ ግን ሁላችሁም ኑ። ለእሳቸው ምንም እንደማይለውጥ አውቃለሁ።

እትዬ፣ አሁን ለእርስዎ ልንገርዎት። ተናገርኩ። ከሞቱ በኋላ ተናገርኩ፤ አንድ ሰው እንኳ ደጅዎ መጥቶ «እትዬ፣ በድለንዎታል» ሳይልዎት። ያን ቃል ልሰጥዎ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከለከልኩዎ። እዚያ ብርቄን ካገኟት ቃሌን እንደበላሁ ይንገሯት፤ ብትቆጣ በእኔ ትቆጣ። ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ብለውኝ ነው የሞቱት፤ መሸከም ያቃተኝም እሱ ነው። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ።

ወንድምዎ ንጉሤ