የታሸገ ቆሎ

«አንድ እፍኝ ቆሎ እንዲህ ያጣላል?» አልኳት።

«እኔን ከሰው ያጣላኝ ያንተ ምክር ነው!» ዘንቢሏን ገልብጣ የታሸጉትን ቆሎዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። «ያውልህ! አንድም የገዛኝ የለም። ምስክርም ይዤ መጥቻለሁ።»

ምስክሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጋቢ የደረቡ፣ የክስ ፋይላቸውን ብብታቸው ውስጥ የሸጎጡ ሽማግሌ።

ልደታ ውስጥ ጠበኛ ምስክር ይዞ ቢመጣ አይደንቀኝም። ከፍርድ ቤት ጋር ተጎራብተን ስንኖር ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ጠበቃ ሆነናል። አከራዬ እንኳ መብራት አበዛህ ብለው ሲቆጡኝ «መቃወሚያ ካለህ አሁን አቅርብ» ነው የሚሉኝ።

ቢሮዬ ጌጃ ሰፈር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከእኔ በፊት ፀጉር ቤት ነበረች። መስታወቱ ስላልተነሳ ደንበኞቼ ስለ ንግዳቸው የሚያወሩት የራሳቸውን ፊት እያዩ ነው። ደንበኞቼ ስል እሷን ማለቴ ነው፤ ሌላ የለኝም። በሩ ደግሞ የላሜራ ነው፤ በትከሻ ደጋግመው ካልገፉት አይዘጋም። ግጥምን ያለ አስተማሪ እንደተማርኩ ሁሉ ንግድ ማማከርንም ከስልኬ ቪዲዮ ተምሬ «የጀማሪ ነጋዴዎች አሰልጣኝ» የሚል ባነር ሰቅያለሁ። ከዚያ በፊት የሸጥኩት ነገር አልነበረም። ግጥም የሚገዛ የለማ።

ሴትየዋ ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍታ፣ ችሎት ለሚጠብቀው ባለጉዳይ ቆሎ በጣሳ ትሸጥ ነበር። ሰፍራ ስትጨርስ ገዢው «መርቂልኝ» ይላታል፤ እሷም አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ታዘብኩና «ትርፍሽን እኮ በእጅሽ እየበተንሽው ነው! አሽጊው» አልኳት። አሸገችው። እኔም የማሸጊያው ወረቀት ላይ ግጥም ጻፍኩላት። ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሴት ሰፌድ ዘርግታ በሁለት እጇ እየመረቀች መሸጥ ጀመረች። ባለጉዳዩ ሁሉ መንገዱን ተሻገረ። በዚሁ ከቀጠለ ሱቁን አስረክባ፣ ወደ ተገላገለችው የሰው ቤት ልብስ አጠባ መመለሷ ነው።

«አባባ፣ የደረሰብዎትን ይንገሩት» አለች።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የወንድሜ ልጆች በቤት ከሰውኝ እመላለሳለሁ። ችሎት ከመግባቴ በፊት ከዚህች ልጅ ቆሎ እገዛለሁ። ስትመርቅልኝ ቀኑ ይቀናኛል። ባለፈው ግን መርቂልኝ ብላት ታሽጓል አለችኝ። የታሸገ ነገር በየት በኩል ይመረቃል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጡኛ!»

«አባቴ፣ ዳኛው በቆሎ ምክንያት ቀጠሮ አይሰጡም።»

«በምን ምክንያት ነው ታዲያ? ታውቃለህ?»

አላውቅም። «በፊትስ ቀጠሮ አይሰጥዎትም ነበር?»

«ይሰጠኛል። ግን ምርቃቱን እየቆረጠምኩ ስለምመለስ አይከፋኝም።»

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን እሽግ ወደ ብርሃን አስጠጉና ጮክ ብለው አነበቡ፦

«ቆሎ ነው ወዳጄ ረሃብ የሚያታልል፣
ከችሎት እስክትወጣ ሆድን የሚያባብል።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምርቃቱ ነው» አልኩ። «በእፍኙ ፋንታ የገባ።»

ትንሽ አሰቡበት። «አይቆረጠምም» አሉ።

መስታወቱ ውስጥ አንድ ላብ ያጠመቀው ወጣት አየሁ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ እንዲህ ሲገጥመው የሚለውን አስታወስኩ። «እህቴ፣ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገዢው እስኪለምደው...»

«እናትህ ሽንኩርት ስትገዛ አታስመርቅም?»

«ታስመርቃለች» አልኩ። ያውም እየተጣላች ነው።

«ቆይ፣ እሷን ተዋት። አንተ ራስህ ያን ቀን ‹አሽጊው› ብለኸኝ ስታበቃ ‹ለእኔ ግን መርቂልኝ› ብለህ በኪስህ ተቀብለኸኝ አልሄድክም?»

ሽማግሌው ዳኛ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ። መቃወሚያ በማቅረብ ፋንታ ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ።

«በሉ አባባ፣ ችሎትዎ እንዳያልፍ» አለችና አንዱን እሽግ በጥርሷ ቀደደችው። ግጥሜ ለሁለት ተሰነጠቀ። ቆሎውን በጋቢያቸው ጫፍ ላይ ገለበጠችላቸው። ሌላም ቀደደችና ከእሱ አንድ እፍኝ ዘግና፣ ቆሎው ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ መረቀችላቸው። የሽማግሌው ፊት በራ። «ማዶ ሄጄ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ «ያችኛዋ ግን ያረረውን ነው የምትመርቀው።» ጥቂት ቆሎ አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ወደ ችሎታቸው ወጡ።

እሷ ሌላውንም መቅደድ ጀመረች። እየቀደደች ወደ ዘንቢሏ ትገለብጣለች፤ ወረቀቱን ለእኔ ትተወዋለች። ማዶ ላለችው ሴት መልሷን እያሰናዳች እንደሆነ ገባኝ።

«እህቴ፣ አንድ ሌላ ሐሳብ አለኝ፤ በነጻ ልጨምርልሽ» አልኳት።

«ቆሎውን እኔ እመርቃለሁ» አለች ዘንቢሏን እያነሳች። «አንተ ብቻ ምክር እንዳትመርቅብኝ።»

ወጣች። ለእኔ አንድም ቀን በመጀመሪያው ግፊት ተዘግቶልኝ የማያውቀው በር ከኋላዋ ድርግም አለ።