በጉብኝት ስም ክርስትና

እህቴ ያገባችው ካድሬ ነበር። ሰኞ ሰኞ በውይይት ክበብ ፊታችን ቆሞ እግዚአብሔር እንደሌለ ያስረዳናል፤ እኔም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆንሁ ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጭብለታለሁ። ቤት ስንገናኝ ግን «ጓድ፣ የዛሬው ትምህርት እንቅልፍ አምጥቶብኝ ነበር» እለዋለሁ። ይስቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ያልፈራ ማን ነበር?

የመጀመሪያ ልጃቸው ሴት ሆነች። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር እህቴን እህል አልቀመስ አላት። ልጅቷ ሳል ይዟት ነበር። «ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?» እያለች ታለቅሳለች። ባሕር ዳር እንዳታስጠምቃት ደግሞ የካድሬ ሚስት ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የማያይ ዓይን የለም፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቢሮ ይደርሳል።

ባሏ ሦስት ቀን ከቢሮ እያመሸ ገባ። በአራተኛው ቀን ኮቱን እየሰቀለ፣ «የፊታችን እሑድ ከሐይቁ ማዶ የዘጌን ገበሬ ማኅበር ቡና ልጎበኝ ነው» አለን። «የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ጀልባ ባዶውን ከሚሄድ እናንተም አየር ብትቀበሉ ምን አለበት?» እህቴ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። እሑድ ሰማንያ ይሞላል። እኔ በሳቅ ሞትሁ፤ እሱ ግን እንደ ስብሰባ መሪ ፊቱን አኮሳትሮ ወጣ።

የክርስትና እናት እኔ ሆንሁ። ነጠላዬን አሳምሬ፣ ልጅቷን ታቅፌ፣ ራሴን እንደ ጻድቅ ቆጥሬ ዘጌ ላይ ከጀልባው ወረድሁ። ካድሬያችን ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ቆመና አንድ የቡና ዛፍ ይመረምር ጀመር። እኛ ገባን።

አጥማቂው ቄስ ሽማግሌ ናቸው። ከልጅቷ ይልቅ እኔን ነበር ያዩት።

«የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እሷ ገና አፍ የላትም፤ የምታምኚላት አንቺ ነሽ። ኋላም የምታስተምሪያት አንችው ነሽ። በይ እስቲ ጸሎተ ሃይማኖትን በይልኝ።»

ጉድ ፈላ። እሳቸው የሚሉትን እየተከተልሁ የምል ነበር የመሰለኝ። በልጅነቴ የማውቀውን ጀመርሁ፤ ስለ ሰማይና ምድር ፈጣሪ የሚለው ያለ ችግር ወረደልኝ። ወልድ ላይ ስደርስ ተያዝሁ። ከመጀመሪያው ብነሣም እዚያው ስደርስ ቀጥ። አፌ ላይ የሚመጣልኝ መፈክር ብቻ ሆነ። ተናደድሁ፤ መጀመሪያ በቄሱ፣ ቀጥሎ በራሴ።

«የማታውቂውን ምን ብለሽ ታስተምሪያታለሽ፣ ልጀ?» አሉ ያለ ቁጣ። «ተምረሽ ተመለሽ። ልጅቱም ሳምንት ትምጣ።»

እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ልጅቷን ሳሏ ተነሣባት። ለሳምንት ሌላ ጉብኝት ከየት ይመጣል?

ያን ጊዜ ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ጸሎቱን ቀጠለ። እኔ ከተያዝሁበት ቃል ተነሥቶ፣ በግእዝ፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ እስከ አሜን አደረሰው። ስናጨበጭብለት የከረምነው ድምፅ ነበር።

ቄሱ ወደ በሩ ወጡ። «ዲያቆን ነበርህ?»

«ነበርሁ፣ አባቴ። ዛሬ ግን ለጉብኝት ነው የመጣሁ።»

«እንግዲያማ ግባና ጎብኝ» አሉት።

ጫማውን አወለቀ። አንደኛው ካልሲው በአውራ ጣቱ በኩል ተቀዶ ነበር፤ እህቴ እያለቀሰችም ስለ ካልሲው አፈረች። እኔ ደግሞ ስለ ራሴ አፈርሁ። «አባቴ፣ ይህ ለእኔ አይገባም፤ ሌላ ሰው ይፈለግላት» አልሁ።

ቄሱ ሳቁ። «ለማን ሊገባ ኖሯል? እሱ እያመነ ደብቋል፤ አንቺ ነጠላ አሳምረሽ ጸሎቱን ረስተሻል፤ የእኔንም እኔ አውቃለሁ። በጽድቁ የመጣ እዚህ የለም። ይች ሕፃን ምን ሠርታ ነው ዛሬ የእግዚአብሔር ልጅ የምትባል? ተሸክመው አመጧት፣ በቃ። እኛንም ቢሆን እንዲሁ ነው። አምጫት። ጸሎቱን ግን ዛሬውኑ ከእሱ ተማሪ።»

ውኃው ሲነካት ልጅቷ ጫካውን በጩኸት አናወጠችው። እንደዚያ የሚጮህ ሳንባ ምንም አይሆንም ብለን ተሳሳቅን።

በጀልባው ስንመለስ ካድሬያችን ከጎኔ ተቀምጦ ሊያስጠናኝ ጀመረ። መጀመሪያ ሞተረኛውን በጎን አየው። ሞተረኛው የሐይቅ ዳር ሙስሊም ነው፤ ዞር እንኳ ሳይል «የእኔ ጆሮ ሞተሩ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለና ፍጥነት ጨመረ። ስለዚህ እየጮኽን ተማርን። እሱ ይላል፣ እኔ እከተላለሁ፣ ስሳሳት በክርኑ ይጎሽመኛል፣ አሜን ስንል እንደገና ከመጀመሪያው እንነሣለን፣ እህቴ ትስቃለች። ያን ቀን እንደዚያ ተደስቶ ሳየው ወደድሁት።

የባሕር ዳር ቆርቆሮ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ድምፁ ቀነሰ። ወደቡ ላይ የቆሙትን ሰዎች ፊት መለየት ስንችል ጭራሽ ዝም አለ።

«ቀጥል እንጅ!» አልሁት። በአገጩ ሰዎቹን አሳየኝ።

ገና ሦስት ሐረግ ቀርቶን ነበር። ልጅቷን ከእህቴ ተቀበልሁና አፌን ጆሮዋ ሥር አስጠግቼ የቀረውን ብቻዬን ጨረስሁላት።